ቁልፉ ሜላኒያ ጋ ነው

በየዓመቱ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል
አባቴ ቴዎፊል
ጥቁር ኮቱን ይለብሳል፣ ሻማ በከረጢት ይይዛል፣
«መኪናሽ ዳገት ትወጣለች?» ይለኛል።
ትወጣለች። ታቃስታለች እንጂ ትወጣለች፤
አሮጌ ናት፣ የቤስኪድን ጭቃ ለምዳለች።

ከአስፋልቱ ጫፍ ወዲያ በእግር ነው።
ጥዱ መሐል ጨለማው
በቀትርም አይለቅም።
አባቴ ከዘራ አይወድም፤
ትከሻዬን ይዞ ይወጣል፣
በየመታጠፊያው ቆሞ፣ ጉንፋን እንደያዘው ሁሉ ያስላል፣
መድከሙን እንዳላውቅበት።

ከኮረብታው አናት
መቃብሩ ድንገት ነው የሚመጣ፦
የድንጋይ አጥር፣ ዝገት የበላው በር፣
የእንጨት መስቀል፣ ረድፍ በረድፍ።
አንድ አግዳሚ ያለው ለኦስትሪያ፣
ሁለት አግዳሚ ያለው ለሩስያ፤
በአንድ ሌሊት ተላልቀው፣
በአንድ አካፋ አፈር ለብሰው
ጎን ለጎን ተኝተዋል።
ሰሌዳው «ስማቸው የታወቀ፣ ሦስት» ይላል፣
ከሥሩ፣ «ስማቸው ያልታወቀ፣ አርባ ሁለት»።
አባቴ ሻማ የሚያበራው ለሦስቱ አይደለም።
«እነሱ ስም አላቸው፣ ብርድ አይገባቸውም።»
ክብሪቱ እምቢ ይላል፣ ነፋሱ ይጫወትበታል፤
ኮቱን ገልጦ ይከልልለታል
ሕፃን እንደታቀፈ ሰው።

ከዚያ ቁልቁል። ሸለቆው ውስጥ መንደር ነበር።
አሁን ሣር አለ፣ ጅረት አለ፣
ሣሩ ላይ የፖም ዛፎች ቆመዋል፣
ሁለት እዚህ፣ ሦስት ወዲያ፤
መሐላቸው ያለው ባዶ፣ እሱ ነው ቤት የነበር፤
ዛፎቹ አልረሱም የጓሮውን ድንበር።
ፖሙ በስሎ ይወድቃል፣ አጋዘን ይበላዋል፤
አባቴ አንድም ቀን አልቀመሰ።
ልጅ ሳለሁ ላነሣ ጎንበስ ስል እጄን መለሰ።
«በስሏል እኮ» አልኩት።
«በስሏል። ባለቤቱ ገና አልመጣም።»

ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር።
ወታደር መጣ፣ ለመንደሩ ሁለት ሰዓት ሰጠ፤
ላምና ሰው በአንድ ፉርጎ ተጫነ፣
ከቀትር በፊት ቀዬው ወና ሆነ።
ማታውኑ ቤታቸው የተቃጠለባቸውን
የአባቴን ወላጆች አምጥተው፣
«ግቡ፣ የናንተ ነው» አሏቸው።
ምድጃው አልቀዘቀዘም።
ቡሃቃው ውስጥ ሊጡ ኩፍ ብሎ ነበር።
እናቱ ቆማ አየችው። እጇን ታጠበች። ጋገረችው።
ይህን የነገረኝ አንዴ ነው፣ መኪና ውስጥ፣
ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።

ከመንደሩ የተረፈ ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ነው፤
ሦስት ጉልላት፣ ከእግር እስከ ራሱ እንጨት፣
በሩ ላይ ካርቶን፦ «ቁልፉ ሜላኒያ ጋ ነው»።
ሜላኒያ በፉርጎው ከሄዱት አንዷ ናት፤
ዓመታት ቆይታ ብቻዋን ተመለሰች፣
ከጅረቱ ማዶ ጎጆ ቀለሰች።
ቁልፉን ከንብ ቀፎ ሥር ታኖራለች።
ሠላሳ ዓመት በሩን ከፈተችለት፣
ሠላሳ ዓመት ቆሞ ወጣ፣ ዘጋች፤
ከ«ደህና ዋልሽ» በላይ ቃል አልነበራቸውም።

ዘንድሮ ግን ከፍታ አልተንቀሳቀሰችም።
መቃኑን ተደግፋ፣ እሱን ሳይሆን ጉልላቱን እያየች፣
«ያ ሊጥ» አለች።
አባቴ ዝም።
«እናቴ ባቡሩ ላይ አራት ቀን ሙሉ
ለቤቱ አላለቀሰችም፣ ለላሟም።
‹ጨው ሳልጨምር ወጣሁ፣
ማን ይበላዋል አልጫውን?› ነበር የምትለው።
እስክትሞት አለችው።
ነበረው? ጨው?»

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ።
«ነበረው» አለ። «ልክ ነበር።»
አንዴ ራሷን ነቀነቀች፣
ቁልፉን መዳፉ ላይ አኖረች፣
«ስትጨርስ አንተው ዝጋው» ብላ ወረደች።

ስንመለስ ጨልሞ ነበር።
ከኮረብታው ሻማው ይታያል፣
በጥዱ መሐል ይጠፋል፣ ደግሞ ይታያል።
«አባዬ፣ እውነት ጨው ነበረው?»
ብዙ መንገድ ሄድን።
«እኔ ምን አውቄ» አለኝ፤
«ስድስት ዓመቴ ነበር። ርቦኝ ነበር።»